የዝንቦቼ ዱቄት

ከወልድያ ስወጣ ጭኔ ላይ አቅፌ የያዝኩት ካርቶን ውስጥ ልብስ አልነበረም፤ ወርቅም፣ የትምህርት ማስረጃም አልነበረም። ዝንብ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ ላይ፣ የከባድ መሣሪያው ድምፅ ከቆቦ በኩል እየቀረበ ሲመጣ፣ ሌላው ሰው ፍራሽና ድስት ሲጭን እኔ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ሮጬ ሃያ አራት ብልቃጥ የፍራፍሬ ዝንብ፣ አፋቸው በጥጥ እንደተወተፈ፣ ካርቶን ውስጥ ደርድሬ ወደ መርሳ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት ካርቶኑን እንዲያ አጥብቄ መያዜን አይተው "ማር ነው ልጄ?" አሉኝ። "አዎ፣ ማር ነው" አልኳቸው። ሲሪንቃን እስክናልፍ ድረስ ከጥጡ ያመለጠች አንዲት ዝንብ አፍንጫቸው ላይ ስትመላለስ ነበር። እኔ ምንም እንዳላየ ሰው በመስኮት ወደ ውጭ አይ ነበር።

ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። መርሳ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ በክረምትና በየቅዳሜው ደግሞ ወልድያ እየሄድኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ። ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ ክዳኑን እከፍታለሁ፤ ሰው ረጋ ብሎ ሲያወራኝ ዐረፍተ ነገሩን እኔው እጨርስለታለሁ። እንዲህ ያለች ሴት የዝንብ እንቁላል እንዴት እንደሚያድግ ልታጠና ሁለት ዓመት ሙሉ አጎንብሳ መኖሯ ለራሴም ይገርመኛል። በዓለም ላይ ሳልቁነጠነጥ የምቀመጥበት አንድ ቦታ ቢኖር ከማይክሮስኮፕ ፊት ነው።

ዝንቦቹን ያገኘኋቸው መርሳ አቅራቢያ ባለችው በግራና ከተማ ገበያ ውስጥ፣ ከተጣለ የማንጎ ክምር ላይ ነው። በሁለት ወገን ከፍዬ አረባቸው ነበር። አንደኞቹ ዱቄቱም፣ ስኳሩም፣ እርሾውም ሳይጎድልባቸው የሚበሉ ናቸው፤ ጥጋበኞቹ እላቸዋለሁ። ሁለተኞቹን ደግሞ እርሾ እየቀነስኩባቸው፣ በዚያ ችግር ውስጥ ሆነው እንቁላል የጣሉትን ብቻ እየመረጥኩ ብዙ ትውልድ አሳልፌያቸዋለሁ፤ እነሱ ችግረኞቹ ናቸው። አንድ የዝንብ ትውልድ ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም፤ የእኔ ሁለት ዓመት ለእነሱ ረጅም ዘመን ነው። ሁለቱ ወገኖች ጎን ለጎን ካልኖሩ የማወዳድረው ነገር አይኖረኝም። ዘራቸው ከጠፋ ደግሞ ምትኩ ከየትም አይገዛም፤ ሁሉም ነገር እንደገና ከማንጎ ክምር ይጀመራል።

የማጠናውን ነገር ለተማሪዎቼ እንዲህ እያልኩ አስረዳቸው ነበር። የሴቷን ዝንብ ሆድ በሁለት መርፌ ብትከፍቱት ውስጡ እንደ ዶቃ የተሰካኩ ፍሬዎች ታገኛላችሁ፤ ከጫፍ ያለው ደቃቃ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ እየተለቀ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዶቃ ውስጥ አሥራ ስድስት ሕዋሳት አሉ። ሁሉም ከአንዲት እናት ሕዋስ የወጡ እህትማማቾች ናቸው፤ አንዷ ለሁለት፣ ሁለቱ ለአራት እያለ አሥራ ስድስት የደረሱ፣ ግን ጨርሰው ያልተለያዩ፣ በመካከላቸው ቀጭን መተላለፊያ የቀረላቸው። ከአሥራ ስድስቱ እንቁላል የምትሆነው አንዷ ብቻ ናት። አሥራ አምስቱ መጋቢዎቿ ናቸው። ያዘጋጁትን ሁሉ በዚያ መተላለፊያ ወደ እሷ ይልካሉ፤ በመጨረሻም የቀራቸውን አሟጠው ያፈሱላትና ይሞታሉ። እናቲቱ ዝንብ ከተራበች ግን ዶቃው መሃል መንገድ ላይ ይፈርሳል፤ እንቁላሏም መጋቢዎቿም አብረው ይጠፋሉ። የእኔ ጥያቄ ምን ያህል ረሃብ ነው የሚያፈርሰው የሚል ነበር።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ "ቲቸር፣ አሥራ አምስቱ እንደሚሞቱ ያውቃሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ሕዋስ ምንም አያውቅም፤ ቁጭ በይ" አልኳት። ክፍሉ ሳቀ።

መርሳ የምኖረው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነበር። አከራዬ ስድሳውን የተሻገሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው፤ እማማ እላቸዋለሁ። የግቢው በር ላይ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና የሚሸጡበት አነስ ያለ ሱቅ ነበራቸው። አንድ ልጃቸው የከባድ መኪና ሾፌር ነው። የስድስት ወር እርጉዝ የሆነችው ሚስቱ ከእማማ ጋር ትኖር ነበር። ልጁ ጭነት ይዞ ወደ አዲስ አበባ በወረደ በጥቂት ቀን ውስጥ መንገዱ ተዘግቶ እዚያው ቀረ።

ካርቶኔን አቅፌ ግቢው ስገባ እማማ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ስለ ዝንቦቹ ያውቃሉ፤ ከዚያ በፊትም ጥቂት ብልቃጥ ቤት አምጥቼ ስስቅባቸውና ስናደድባቸው አይተውኛል። "እናንተዬ፣ ይቺን ልጅ እዩልኝማ! አገር ነፍሱን ሊያድን ይሮጣል፣ እሷ ዝንቧን ታድናለች" አሉና ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ካርቶኑን በአንድ በኩል ይዘው አገዙኝ።

ያላወቁት፣ ወይም አላወቁም ብዬ ያሰብኩት፣ ማዳበሪያውን ነው። አልጋዬ ሥር በአንድ ማዳበሪያ ውስጥ አሥር ኪሎ ያህል የበቆሎ ዱቄት፣ አራት ኪሎ ስኳርና አንድ ቆርቆሮ የዳቦ እርሾ ነበረኝ። ለክረምቱ የዝንብ ቀለብ ብዬ ሐምሌ ላይ የገዛሁት ነው። የዚያን ቀን አሮጌ ብርድ ልብስ ጣል አደረግሁበትና ጫማዎቼን ከፊቱ ደረደርኩ። ሌባ ፈርቼ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት።

መርሳም ብዙ አልቆየች። ከቆቦ በኩል የመጡት ታጣቂዎች በገቡ ሰሞን መብራት ጠፋ፣ ስልክ ጠፋ፣ ባንክ ተዘጋ፤ ወፍጮ ቤቱ ናፍጣ አጥቶ ዝም አለ። የእማማ ሱቅ ተሰብሮ መደርደሪያው ባዶውን ቀረ። ትምህርት ቤቱም አልተረፈም፤ ደግነቱ ከዚያ በፊት በመብራት ሳይሆን በመስታወት የሚሠራውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ በነጠላ ጠቅልዬ ቤቴ አስገብቼው ነበር። ማስተማር የለ፣ መሄጃ የለ፣ ወሬ የለ። ከተኩሱ ይልቅ እኔን የበላኝ ይሄ ነው። ጠዋት ተነስቼ ከክፍሌ እስከ ግቢው በር፣ ከበሩ እስከ ጓሮ፣ ከጓሮ እስከ ክፍሌ እመላለሳለሁ። ብልቃጦቹን እቆጥራለሁ፤ ሃያ አራት ናቸው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና እቆጥራለሁ። የእማማ ምራት አንድ ቀን "እባክሽ ተቀመጪ፤ አንቺን ሳይ ሆዴ ውስጥ ያለውም ይዞር ጀመር" አለችኝ። ተቀመጥኩ፤ ወዲያው ተነሳሁ።

ምግብ በቀን አንድ ጊዜ ሆነ። እማማ ከሱቁ ያሸሿት ጥቂት የጤፍና የማሽላ ዱቄት ነበረች፤ ከእሷ ላይ እየቆነጠሩ ነበር የምንኖረው። እኔ የራሴን አንድ ኪሎ ምስርና ትንሽ ሽሮ አምጥቼ ሰጠኋቸው፤ ያ በሳምንት ውስጥ አለቀ። ከዚያ በኋላ ከእነሱ ገበታ መቅረብ አፍሬ ክፍሌ ውስጥ ስደበቅ እማማ በሩን በእጃቸው መዳፍ ደበደቡት። "ነይ ውጪ! እኔ ግቢ ውስጥ ሆነሽ ለብቻሽ ልትራቢ ነው? ለሁለት አፍ የበቃ ለሦስትም አያንስም" አሉኝ። ወጥቼ በላሁ። አልጋዬ ሥር አሥር ኪሎ ዱቄት አስቀምጬ፣ ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ ከእርጉዝ ሴት ጋር አንድ ትሪ ላይ እበላ ነበር።

እንዴት አስቻለሽ የሚለኝ ካለ መልሴ ይህ ነው፤ ሒሳብ ሠርቼ ነበር። ዝንቦቹ በሳምንት ከሁለት ሲኒ ዱቄት በላይ አይፈልጉም። ማዳበሪያው ለእነሱ ከበቂ በላይ ነበር፤ ለሰው ግን ሦስት ሳምንት አይሞላም። ሦስት ሳምንት ከበላነው በኋላ እኛም እንራባለን፣ ዝንቦቹም ያልቃሉ እል ነበር። ሒሳቡ ትክክል ነበር። አሁን ሳስበው እንዲያ ያለ ትክክለኛ ሒሳብ መሥራት መቻሌ ያስጠላኛል።

እማማ ግን ከእኛ ጋር አይበሉም ነበር። መጀመሪያ ፍልሰታ ነበርና ማንም አልገረመውም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አንዳች አይቀምሱም፤ እሳቸው ከጥንትም ጾም አይሽሩም። ከዘጠኝ በኋላ "ቅመሱ እንጂ" ስንላቸው "ከጎረቤት ቀምሼ ነው የመጣሁ" ይላሉ። ጎረቤታችን ሁለት ፍየሎች ያሏት ደግ ሙስሊም ሴት ናት፤ ከእማማ ጋር ሠላሳ ዓመት የተዋደዱ ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ ያስኬዳል። ፍልሰታ ሲፈታ "ልጄ በደህና እስኪመለስልኝ ልጾም ተስያለሁ" አሉ። የእናት ስለት ነውና ማን አፉን ይከፍታል? ከመስከረም መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የጽጌ ጾም ገባ። የጽጌ ጾም የፈቀደ ብቻ የሚጾመው ነው፤ እሳቸው ደግሞ የሚፈቅዱ ሰው ናቸው።

በእኛ አገር ጾመኛን "ከጾሙ በኋላ ምን በላሽ?" ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። እናከብራለን፣ ዝም እንላለን፤ እንዲያውም እንኮራባቸዋለን። እኔም ኮርቼባቸዋለሁ። ምራታቸውን "እማማ እኮ መነኮሱ" እያልኩ አስቃት ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ አንድ ረፋድ ታጣቂዎች እህል ፍለጋ ግቢውን ሊፈትሹ ገቡ። ሦስት ነበሩ፤ ፊታቸው የደከመ፣ እግራቸው በጭቃ የተለወሰ፣ አንደኛው የተማሪዎቼ እኩያ። የእማማን ቤት አገላብጠው ወደ እኔ ክፍል መጡ። እማማ ከኋላቸው ተሽቀዳድመው ቀድመዋቸው ገቡና አልጋዬ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ ቀሚሳቸው እስከ መሬት ወረደ። "እኔን! ጉልበቴ" አሉ ጉልበታቸውን እያሹ። ሰዎቹ ግን ያዩት ጠረጴዛውን ነው። ሃያ አራት ብልቃጥ፣ በየብልቃጡ የሚርመሰመስ ዝንብ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለ አንደኛው።

"ዝንብ ታረባለች" አሉ እማማ። ድምፃቸው የሐዘን ቤት ድምፅ ነበር። "ደህና ልጅ ነበረች እኮ፤ ከዚህ ጦርነት ወዲህ ነው እንዲህ የሆነችው። ስትቆጥራቸው ነው የምትውለው። አትቅረቧት።"

እኔ ያን ጊዜ ማስመሰል አላስፈለገኝም፤ ከፍርሃት የተነሳ እውነትም ጣቴን እየቀሰርኩ እቆጥር ነበር። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያይተው፣ አንደኛው አፍንጫውን ይዞ፣ ወጡ። የግቢው በር ከተዘጋ በኋላ ሦስታችንም እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ስቀን ስንጨርስ እማማ አልጋዬ ላይ ለምን እንደተቀመጡ አሰብኩ። ደክሟቸው ነው አልኩ። ጉልበታቸውን ሁልጊዜ ያማቸው የለ? ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ተውኩት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ከእማማ ጋር ማድ ቤት ለብቻ ላለመገናኘት እሸሽ ነበር።

ጥቅምት ላይ ሥራዬን ቀጠልኩ። እኩለ ቀን ላይ ማይክሮስኮፑን ወደ ደጃፍ አወጣና መስታወቱን ወደ ፀሐይ አዞራለሁ። ከችግረኞቹም ከጥጋበኞቹም አንዳንድ ሴት ዝንብ እየወሰድኩ፣ በጨው ውሃ ጠብታ ውስጥ ሆዳቸውን እየከፈትኩ፣ ያየሁትን በእርሳስ እስል ነበር። ከጥጋበኞቹ በአንዷ ውስጥ ያንን የምወደውን ሰዓት አገኘሁት፤ አሥራ አምስቱ ጨርሰው አፍስሰው፣ ተጨማድደው ወደ ጥግ ሲሰበሰቡ፣ እንቁላሏ ብቻዋን ሞልታ። ደስ ብሎኝ ጮህኩ። እማማ ጀሪካን ይዘው ወደ ውሃ ሊወርዱ ሲያልፉ "ምን አገኘሽ?" አሉኝ። አጎንብሰው እንዲያዩ አደረግኳቸው፤ ነገሩንም አስረዳኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

"እነዚህ የደረቁት ናቸው የሰጧት?"

"አዎ እማማ። ሁሉን ሰጥተው ይሞታሉ።"

"አይ፣ ደግ አደረጉ" አሉ፤ ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። እኔ ወደ መርፌዬ ተመለስኩ። ከማይክሮስኮፕ ሥር የተሟጠጠ ሕዋስ ለይቼ የማውቅ ሴት፣ መቀነታቸውን ሦስት ዙር ጠቅልለው የታጠቁ ባልቴት ፊቴ ሲያልፉ አላየሁም።

ኅዳር ሲገባ ምራታቸው ወለደች። ጤና ጣቢያው ተዘርፎ ነበርና ያዋለደቻት ባለ ፍየሏ ጎረቤታችን ናት፤ "አብሽሪ፣ አብሽሪ የኔ እናት፣ አላህ ከጎንሽ ነው" እያለች፣ ከጠዋት እስከ እኩለ ቀን። ሴት ልጅ ነች። ታጣቂዎቹ መንገድ ላይ ስለነበሩ ሦስቱን እልልታ እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አሰሙ፤ ለራሳችን ብቻ የተሰማ እልልታ ነበር። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አልናት። ከዚያ ሁላችንም አንድ ነገር አሰብን፤ አራስ ገንፎ ትበላለች፣ ገንፎ ደግሞ ዱቄት ይፈልጋል።

እማማ ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ ለአምስት ቀን ያህል ገንፎ ተገነፋ። ጎረቤታችን የፍየል ወተት ታመጣለች። በስድስተኛው ቀን የገንፎው ሳህን ግማሽ ሆነ፤ በስምንተኛው ቀን አራሷ ጡቷን እያለበች "አልመጣም እያለኝ ነው" ብላ አለቀሰች። ሕፃኗም ታለቅሳለች። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ማዳበሪያውን ጎትቼ አወጣሁት፣ መልሼ ገፋሁት፣ እንደገና አወጣሁት። በመጨረሻ አንድ ብርጭቆ ስኳርና ሁለት ብርጭቆ ዱቄት ቀንሼ፣ በላስቲክ ቋጥሬ ለእማማ ሰጠኋቸው። "ከተማሪ ቤተሰብ አግኝቼ ነው" አልኩ። እማማ ላስቲኩን ተቀብለው "እግዜር ይስጥልኝ፤ እነሱንም ይባርካቸው" አሉ። የዚያን ዕለት ደግ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

የነቢያት ጾም በገባ ሰሞን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ ጓሮ ሆኜ ብልቃጥ ሳጥብ ጀሪካን ሲወድቅ ሰማሁ። እማማ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ወድቀው ነበር፤ ውሃው በሥራቸው ይፈሳል። ሮጬ ላነሳቸው ስል ሁለት እጄን አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱ በቃኝ። ያን ቀሚስና ያን ነጠላ ለብሰው ሲሄዱ ሙሉ ሴት ይመስሉ ነበር። ክንዳቸው በጣቶቼ መካከል ገብቶ ጣቶቼ ተገናኙ።

ጎረቤታችን ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ተጋግዘን አልጋዬ ላይ አስተኛናቸው፤ ቅርቡ የእኔ ነበርና። "ጾሙ ነው የጣላቸው" አልኳት። "አንቺ ጋ መጥተው ሲቀምሱ እንኳ ጥቂት ጨምረሽ ብታበያቸው ምን ነበረበት?"

አፍጥጣ አየችኝ። "እኔ ጋ?" አለች። "ወላሂ እኔ ቤት ከፍልሰታችሁ ጀምሮ ውሃ እንኳ ቀምሰው አያውቁም። 'ከልጆቼ ጋር በልቼ ነው የመጣሁ' ነው የሚሉኝ። ፍየሏን ሳልብ ቁጭ ብለው አውርተውኝ ይመለሳሉ።"

እሷ ቤት "ከልጆቼ ጋር በላሁ"፣ እኛ ቤት "ከጎረቤት ቀመስኩ"። ሁለት ቤት በመሃላቸው ሦስት ወር ሙሉ አንድ ሰው አስርበው፣ ሁለቱም ሌላኛው አብልቷል ብለው ተኝተዋል። ከዚያች ምግብ የተረፈችው ድርሻ ወዴት እንደሄደች ማንም አልነገረኝም፤ አላስፈለገኝም። ወደ አራሷ ሄዳለች። ወደ እኔም ሄዳለች። በየቀኑ ከትሪው ላይ ስቆርስ የነበረው የእሳቸውን ነው።

ተንበርክኬ ማዳበሪያውን ከአልጋው ሥር፣ ከእማማ ጀርባ ሥር፣ ጎትቼ አወጣሁት። ጎረቤታችን አየችውና ሄዳ እሳት አነደደች። የበቆሎ ዱቄቱን በስኳር አጥሚት አድርገን በማንኪያ አጠጣናቸው። በመጀመሪያው ማንኪያ ዓይናቸውን ገልጠው "ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል?" አሉ። "ሆኗል እማማ" ብዬ ዋሸሁ። ጎረቤታችንም "ሆኗል፣ ሆኗል" ብላ አገዘችኝ። እማማ ሰዓቱን በጥላ የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ የዚያን ቀን ግን ወደ ደጅ አላዩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዱቄቱ የግቢው ሆነ፤ የጎረቤታችንም ልጆች ከእሱ በሉ። እርሾውን ሳይቀር ዳቦ ጋገርንበት። ጥጋበኞቹ ዝንቦች በሁለት ሳምንት ውስጥ አለቁ፤ አሥራ ሁለት ብልቃጥ አንድ በአንድ ዝም አለ። ችግረኞቹን የሙዝ ልጣጭ እየለቀምኩ አኖርኳቸው፤ ከነሱም አራት ብልቃጥ ብቻ ተረፈ። የማወዳድርበት ወገን ጠፍቶ የሁለት ዓመት ሥራዬ እንደ ጥናት እዚያው አበቃ። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፍቶ የእማማ ልጅ ከነመኪናው ሲመጣ እኔ ከዝንቦቼ ይልቅ የእማማን ክንድ ስለካ ነበር። በጣቶቼ እለካለሁ፤ ጣቶቼ መገናኘት ሲያቅታቸው ደስ ይለኛል።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ከእማማ ጋር ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሕፃኗ እግራቸው ላይ ተኝታለች። ሳላስበው ብዙ ደቂቃ ሳልነሳ ቆይቼ ነበር መሰለኝ፣ "ምነው ዛሬስ አደብ ገዛሽ" ብለው ቀለዱብኝ። ከዚያ ስለ ዝንቦቹ ጠየቁኝ።

"ያ ትምህርትሽ እንግዲህ ቀረ?"

"እንደገና እጀምረዋለሁ። ዓመት ሁለት ዓመት ይፈጃል።"

"እኔን! በእኛ የተነሳ።"

ደሜ ፈላ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ ድምፄ ግን ወጣ። "እማማ፣ ዱቄቱ አልጋዬ ሥር እንዳለ ያውቁ ነበር አይደል?"

"ከነሐሴ ጀምሮ" አሉ፣ የሕፃኗን ፊት በነጠላቸው ከፀሐይ እየከለሉ። "ስጠርግ አየሁት።"

"ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም? አንድ ጊዜ እንኳ! እየወደቁ፣ እየሞቱ፣ ለምን አንድ ቃል አይናገሩም?"

ዞር ብለው አዩኝ። የተቀየመ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ ቢቀየሙኝ ይሻለኝ ነበር።

"ብጠይቅሽማ ትሰጪኝ ነበር" አሉ። "አውቅሽ የለ? አንዲት ቃል ሳይወጣሽ ጎትተሽ ታወጪልኝ ነበር። ከዚያ የዚያን ሁሉ ጊዜ ልፋትሽን እኛ በላነው ማለት ነው። እምቢ የማትል ልጅ ምኗ ይጠየቃል ብዬ ነው ዝም ያልኩ።"

መስከረም ላይ እማማ ቢጠይቁኝ የምመልሰውን አዘጋጅቼ ነበር። "የእኔ አይደለም እማማ፤ የመንግሥት ንብረት ነው፣ ፈርሜበታለሁ" የሚል ነው። ውሸት ነበር። በክፍሌ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለስኩ፣ ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ፣ ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ። ቢጠይቁኝ ኖሮ ያለ ጥርጥር እምቢ እላቸው ነበር።

ያን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። እማማ ግን ጨርሰዋል፤ ሕፃኗን አንስተው "እስቲ ያዢልኝ" ብለው እጄ ላይ አስቀመጧት። ዛሬም በሕይወት አሉ። እንግዳ ሲመጣ ትከሻዬን ይዘው "ይቺ ብጠይቃት የማትከለክለኝ ልጄ ናት" እያሉ ያስተዋውቁኛል፤ እኔም እጄን ዘርግቼ እንግዳውን ሰላም እላለሁ። እስከ ዛሬ አላረምኳቸውም።